የማይመለሱበት በር፦ ከኬፕ ኮስት እስከ ፌርፋክስ ጎዳና

የሽርሽር መርከብ በጋናው ታኮራዲ ወደብ ሲቆም ለተሳፋሪዎቹ ያላቸው ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻ ነው። ቁርሳቸውን በልተው ይወርዳሉ፤ አውቶቡስ ወደቡ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ መርከቡ መልሕቁን ከማንሣቱ በፊት ተመልሰው መሳፈር አለባቸው። ከሚቀርቡላቸው የጉብኝት ምርጫዎች አንዱ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነው። ኤልሚናን አልፎ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ እስከምትገኘው ኬፕ ኮስት ይደርሳል። በሁለቱም ከተሞች እንግዳው የሚያየው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ከሩቅ በነጭ ቀለሙ የሚያበራ፣ መድፎቹን ወደ ውቅያኖሱ የደረደረ ትልቅ ግንብ።

የኤልሚናን ግንብ የሠሩት ወርቅ ፍለጋ የመጡ ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ዘመኑም 1482 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1637 ሆላንዶች ነጠቋቸው፤ በ1872 ደግሞ ለእንግሊዞች አስረከቡት። የኬፕ ኮስቱን ምሽግ በ1653 ስዊድኖች ጀመሩት፤ በ1660ዎቹ እንግሊዞች ያዙት፤ ዋና መቀመጫቸው በ1877 ወደ አክራ እስኪዛወር ድረስም የጎልድ ኮስት አስተዳደር ማዕከል ሆኖ ቆየ። በመካከሉ የወርቁ ንግድ በሰው ንግድ ተዋጠ። የወርቅና የዕቃ ማስቀመጫ የነበረው ምድር ቤት የሰው ማጎሪያ ሆነ።

አስጎብኚው እንግዶቹን መጀመሪያ ወደዚያ ያወርዳቸዋል። በኬፕ ኮስት የወንዶቹ ማጎሪያ መስኮት የሌለው፣ በጣሪያው ሥር ባሉ ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ብርሃን የሚገባበት ዋሻ መሰል ክፍል ነው። ከበላዩ የአንግሊካን ጸሎት ቤት ነበር። ከላይ የሚዘመረውና ከታች የሚጮኸው በአንድ ወለል ብቻ ይለያዩ ነበር ማለት ነው። የአገረ ገዥው መኖሪያ ከዚያም ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚገባበትና ባሕሩን የሚያይ ሰፊ ቤት ነው። በመጨረሻ ጉብኝቱ ወደ ባሕር ከሚያወጣው በር ይደርሳል። “የማይመለሱበት በር” ይሉታል። እስረኞቹ በዚያ ወጥተው በትናንሽ ጀልባዎች ወደ ትልልቆቹ መርከቦች ይወሰዱ ነበር። ዛሬ በሩ ሲከፈት የሚታየው ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲጠግኑ፣ ልጆች በአሸዋው ላይ ሲሯሯጡ ነው። ከዚያ ምሳ አለ፤ የእጅ ሥራ መሸጫ ሱቅ አለ፤ አውቶቡሱም ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ በግማሽ ቀን አይቶ ሲያበቃ ወደ መርከቡ ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል? ይህን ጥያቄ በፊልም ካነሡት ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊም ጋናዊም አይደሉም። ጎንደር የተወለዱት ኢትዮጵያዊ ኃይሌ ገሪማ ናቸው።

ጎብኚዋ የተቆለፈባት ፊልም

በ1993 የወጣው የኃይሌ ገሪማ “ሳንኮፋ” የሚጀምረው በዚሁ ጉብኝት ነው። ሞና የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በኬፕ ኮስት ግንብ ፎቶ ትነሣለች። ዊግ አድርጋለች፤ ነጩ ፎቶ አንሺ እንዲህ ሁኚ፣ እንዲያ ዙሪ ይላታል። በዙሪያዋ ካሜራ ያንጠለጠሉ አገር ጎብኚዎች አስጎብኚያቸውን ተከትለው ይዞራሉ። በዚህ መሐል የግንቡ ጠባቂ የሆኑ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ይመጡና ይቆጧቸዋል፤ ቦታው የሞቱ ሰዎች ደም የፈሰሰበት እንጂ የሽርሽር ሜዳ አይደለም። ሽማግሌውን ሆነው የተጫወቱት ስመ ጥሩው ጋናዊ ከበሮ መቺ ኮፊ ጋናባ ናቸው።

ሞና ሌሎቹን ጎብኚዎች ተከትላ ወደ ምድር ቤቱ ትወርዳለች። መብራቱ ይጠፋል። ሲበራ ጎብኚዎቹ የሉም፤ በእግረ ሙቅ የታሰሩ ሰዎች ከጨለማው ዓይናቸውን ተክለውባታል። ወደ በሩ ሮጣ ትጮኻለች፤ አፍሪካዊ አይደለሁም ትላለች፤ የሚሰማት የለም። በትኩስ ብረት ትተኮሳለች። ከዚያ በኋላ ሾላ የምትባል፣ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ የምትኖር የቤት ባሪያ ሆና እናገኛታለን። ፊልሙ መጨረሻው ላይ ወደዚያው ግንብ ይመልሳታል፤ የምትወጣው ግን እንደገባችው ሆና አይደለም። “ሳንኮፋ” በአካን ቋንቋ “ተመልሰህ ያዘው” እንደ ማለት ነው። ምልክቱ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወፍ ነው።

የፊልሙ ብልሃት ቀላል ነው፤ ለጎብኚው ከቦታው የመውጣት መብቱን ይነሣዋል። የወደብ ጉብኝት የተመሠረተው መርከቡ እየጠበቀ መሆኑን በማወቅ ላይ ነው። እንግዳው ጨለማው ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ የሚታገሠው በስድስተኛው እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ነው። ኃይሌ ይህን ዋስትና ከሞና ላይ ሲወስዱ፣ ከተመልካቹም ላይ ወሰዱት።

ከጎንደር ወደ ሎስ አንጀለስ

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ተወለዱ። አባታቸው ደራሲና የቴአትር ሰው ነበሩ። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ ትወና ማጥናት ጀመሩ፤ ቀጥለው ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። በዚያን ጊዜ በዚሁ ትምህርት ቤት የተገናኙት ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድቤሪና ሌሎችም ጥቁር ተማሪዎች ኋላ “የሎስ አንጀለስ ዓመፅ” የሚል ስም የተሰጠው የፊልም ንቅናቄ ፈጣሪዎች ሆኑ።

ዓመፁ በማን ላይ እንደ ነበር ለመረዳት ከዩኒቨርሲቲው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ምሥራቅ መሄድ ነው። እዚያ ካልቨር ሲቲ አለች። በ1917 በከተማነት የተቋቋመችው ይህች ትንሽ ከተማ የአሜሪካ ፊልም ሁለተኛ እናት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1932 የታርዛንን “አፍሪካ” ኤም ጂ ኤም የተባለው ኩባንያ የፈጠረው በዚያ ከሚገኘው ስቱዲዮው ሆኖ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ1939 የወጣው “ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ” የተሠራው እዚያው ነው። የፊልሙ ዝነኛ የእርሻ ባለቤቶች ቤት፣ የነደደችውም የአትላንታ ከተማ በካልቨር ሲቲ ሜዳ ላይ የቆሙ የእንጨትና የሸራ ግንባታዎች ነበሩ። በዚያ ፊልም የባርነት ዘመን ደጉ ዘመን ነው፤ ባሪያዎቹም ጌቶቻቸውን የሚወዱ አገልጋዮች ናቸው። በአገልጋይነት የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ ሽልማቱን በተቀበለችበት አዳራሽ ግን ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳ ሥር በተቀመጠ ጠረጴዛ እንድትቀመጥ ተደርጋ ነበር።

የኃይሌ የተማሪነት ዘመን ፊልሞች ለዚህ ምስል መልስ ናቸው። “ቡሽ ማማ” በዋትስ ሠፈር የምትኖር፣ ባሏ ያለ ጥፋቱ የታሰረባት የዶሮቲን ኑሮ ይተርካል። በፊልሙ መክፈቻ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ያ ትወና አይደለም፤ የተያዙት የፊልሙ ባልደረቦች ራሳቸው ናቸው፤ ካሜራው ሥራውን ቀጥሎ ነበር። በዚያው ዘመን ኃይሌ ወደ አገራቸው ተመልሰው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በወረዱበት ሰሞን “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን ቀረጹ። እሱም ስለ ባለ መሬትና ስለ ጭሰኛ ነው። ከዋትስ ጎስቋላ ሠፈር ወደ ኢትዮጵያ ገጠር፣ ከዚያም ወደ ኬፕ ኮስት ግንብ የሚወስደው ክር አንድ ነው፤ ሰው በሰው ጉልበት ሲኖር የሚያሳይ ታሪክ።

“ሳንኮፋ” ግን ገንዘብ የሚሰጠው በቀላሉ አላገኘም፤ ዝግጅቱ ዓመታት ፈጀ። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ሆኖም በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም። ኃይሌና ባለቤታቸው፣ የፊልም ባለሙያዋ ሺሪኪያና አይና፣ በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ሰው ተሰለፈ፤ ፊልሙ ለሳምንታት ቆየ። ከዚያም በየከተማው ያሉ ጥቁር ማኅበረሰቦች አዳራሽ እየያዙ፣ ትኬት እየሸጡ አዞሩት። ባልና ሚስቱ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት የመጻሕፍት መደብርና ካፌም ስሙ ሳንኮፋ ነው።

የግንቡ ቀለም

ፊልሙ በወጣባቸው ዓመታት ኬፕ ኮስት ላይ ሌላ ክርክር ይካሄድ ነበር። ጋና በአሜሪካ እርዳታ ሁለቱን ግንቦች ማደስ ጀመረች። ዓላማው ቅርሱን ማዳንና ጎብኚ መሳብ ነበር፤ ለከተማው ሰው ደግሞ ሥራና ገቢ ያመጣል። ወደ ጋና መጥተው የሠፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ደነገጡ። ግድግዳውን ነጭ መቀባት፣ በእስረኞች ማጎሪያ አጠገብ ምግብና መጠጥ መሸጥ፣ ታሪክን ራሱን በኖራ መሸፈን ነው ብለው ተቃወሙ። ለእነሱ ግንቡ መቃብር ነበር፤ መቃብር ደግሞ አይዋብም።

ለኬፕ ኮስት ነዋሪ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ግንቡ ከባርነት በኋላ ምሽግ፣ የአስተዳደር ቢሮ፣ እስር ቤት ሆኖ አገልግሏል፤ ከጥላው ሥር የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ የሚያስበው ስለ ዛሬ እንጀራው ነው። ጎብኚዎቹ አልቅሰው ከበሩ ሲወጡም ልጆች “ኦብሩኒ” ብለው ይጠሯቸዋል። ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ባዕድን፣ በተለይም ነጭን የሚጠሩበት ነው። ወደ እናት አገሬ ተመለስሁ ብላ ለመጣች ጥቁር ሴት ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላል የአማርኛው ተረት። እዚህ ግን ነገሩ ከዚያም ይወሳሰባል፤ አንዱ ቤተ ሰብ በውቅያኖስ ተከፍሎ፣ አንደኛው ወገን በማስታወስ ሌላኛው በመርሳት ኖሮ የተገናኘበት ቦታ ነው።

በ1998 ከአሜሪካና ከጃማይካ የሁለት ባሪያዎች ዐፅም በመርከብ መጥቶ በዚያው በር በኩል ወደ ግንቡ ገባ፤ ጥንት ምርኮኞች ወደ ባሕሩ ከመወሰዳቸው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ይታጠቡበት ከነበረው ወንዝ አጠገብ፣ አሲን ማንሶ ላይም ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ በበሩ ውጭ በኩል፣ ከባሕር ለሚመጣ ሰው የሚታይ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ “የመመለሻ በር” ይላል።

በኬፕ ኮስት የኢትዮጵያ ስም

በግማሽ ቀን ጉብኝት ብዙ የማይነገር ሌላ ታሪክም አለ። በዚህችው ከተማ በ1866 የተወለዱት ጠበቃና ጋዜጠኛ ኬስሊ ሄይፎርድ በ1911 ለንደን ላይ ልብ ወለድ አሳተሙ፤ አፍሪካውያን በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ርዕሱ ስለ ጎልድ ኮስት አያወራም፤ “ኢትዮጵያ አንባውንድ”፣ ማለትም “ከእስራቷ የተፈታች ኢትዮጵያ” ይላል። ደራሲው ኢትዮጵያ ሲሉ መላውን ጥቁር ሕዝብ ማለታቸው ነበር። መዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ቃል ጥቁር ክርስቲያኖች በአሜሪካም በምዕራብ አፍሪካም እንደ ተስፋ ቃል ይዘውት ነበር፤ በ1896 ዐድዋ ላይ የሆነው ደግሞ ቃሉን ሥጋ አለበሰው።

በ1935 ከታኮራዲ መርከብ ተሳፍሮ ለትምህርት የወጣ አንድ ወጣት ለንደን ሲደርስ፣ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚያውጅ የጋዜጣ ማስታወቂያ መንገድ ላይ አየ። ለንደን በሙሉ በእሱ ላይ ጦርነት ያወጀች ያህል እንደ ተሰማው ኋላ በግለ ታሪኩ ጽፏል። ያ ወጣት ኩዋሜ ንክሩማ ነበር። ጋና በ1957 ነፃ ስትወጣ ከኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት ወስዳ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን የራሷ አደረገች።

ስለዚህ ኬፕ ኮስት የሚደርስ ኢትዮጵያዊ ለቦታው ፍጹም እንግዳ አይደለም። ቅድመ አያቶቹ በዚያ በር አልወጡም፤ ስሙ ግን በዚያ በር ለወጡትም፣ በዚያው ለቀሩትም ተስፋ ሆኖ አገልግሏል። ይህ የሚያኮራ ነው። ኩራቱ ግን ከጥያቄ ያድናል ማለት አይደለም።

ቀይ ባሕር ላይ ያለው በር

የኢትዮጵያ ምድር የራሱ የማይመለሱባቸው በሮች ነበሩት። ምጽዋ፣ ታጁራ፣ ዘይላ የወርቅና የዝባድ ብቻ ሳይሆን የሰውም መውጫ ነበሩ። ሕንድ አገር ገብቶ በዴካን የጦር መሪና የመንግሥት አድራጊ ፈጣሪ የሆነው ማሊክ አምባር በ16ኛው መቶ ዘመን ከዚህ ምድር የተሸጠ ልጅ ነበር። እሱ ስሙ ተረፈ፤ የብዙዎቹ አልተረፈም። በዚህ ንግድ ላይ ሻጩም አንዳንዴ አገሬው፣ ዘመቻውም የገዛ ነገሥታቱና መኳንንቱ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ለመግባት ስትጠይቅ ዋናው ክርክር የተነሣው በዚሁ በባርነት ጉዳይ ነው፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ዛሬም በየቤቱ ሰውን በዘሩ ለመስደብ የሚያገለግሉ ቃላት የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው።

ግን በምጽዋም የተመለሰ ሰው ነበር። ኢሉባቦር ውስጥ በ1850ዎቹ የተወለደ ሂቃ የሚባል ልጅ ከእናቱ ተነጠቀ፤ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 እዚያው ወደብ ላይ ነፃ ወጥቶ ለስዊድን ሚስዮናውያን ተሰጠ። ኋላ ኦነሲሞስ ነሲብ የተባሉት እሳቸው ናቸው። በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ፣ እንደሳቸው ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ከተረፈችው ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠሩ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐሙ፤ በ1899 ታተመ። በ1904 ወለጋ ገብተው በነቀምቴ እያስተማሩ ኖሩ፤ በ1931 ዐረፉ። በጋና ቋንቋ “ሳንኮፋ” የሚባለውን ያደረጉ ሰው ናቸው፤ የተነጠቁትን ቋንቋ ተመልሰው ያዙት።

ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት። ኦነሲሞስና አስቴር ግን ከደብረ ታቦርም ከሐረርም ለመጣ አንባቢ የሚገቡ ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱም የእነሱ ታሪክ የኬፕ ኮስቱን ጥያቄ ወደ ቤት ያመጣዋል። ጋናዊው አስጎብኚ ለእንግዶቹ ምርኮኞቹን እስከ ዳርቻው ያመጧቸው አፍሪካውያን ጭምር መሆናቸውን ሲነግር ድምፁን ዝቅ አያደርግም። “ሳንኮፋ”ም ይህን አይሸሽግም፤ በፊልሙ ውስጥ ወንድሞቹን የሚገርፈው የእርሻ ተቆጣጣሪ ራሱ ከባሪያ የተወለደ ነው።

ፌርፋክስ

ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ ሲማሩ “ትንሿ ኢትዮጵያ” የሚባል ሠፈር አልነበረም። ሠፈሩን የፈጠሩት ከአብዮቱ በኋላ በስደት የመጡት፣ በተለይም የ1980ው የስደተኞች ሕግ በር የከፈተላቸው ናቸው። በፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሊምፒክ አውራ ጎዳናና በዊትዎርዝ መካከል ምግብ ቤቶች፣ ቡና ቤቶች፣ የበርበሬና የባህል ልብስ ሱቆች አንድ በአንድ ተከፈቱ። በ2002 የከተማው ምክር ቤት ሠፈሩን በይፋ “ትንሿ ኢትዮጵያ” ብሎ ሰየመው። በብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ያ ስም አዲስ አልነበረም፤ አያቶቻቸው በየቤተ ክርስቲያናቸው ስም ላይ ጽፈውት ኖረዋል። እንጀራ ሊበሉ ሲመጡ በቤቱ ውስጥ ካለው አስተናጋጅ የቀደመ ትውውቅ ይዘው ይመጣሉ።

ከዚያ ሠፈር በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄዱ የዊልሸር መገናኛ ይገኛል። በመገናኛው ጥግ ላይ በ1939፣ ማለትም ካልቨር ሲቲ ያንን የደጉን ባርነት ፊልም ለዓለም ባወጣችበት ዓመት የተከፈተ የትልቅ መደብር ሕንፃ ቆሟል። መስከረም 2021 ላይ ሕንፃው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በምረቃው ግብዣ ላይ፣ የተለመደውን የፊልም ትረካ ለሚሞግቱ ሰዎች የታሰበው አዲስ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ተሸላሚው የሰባ አምስት ዓመቱ ኃይሌ ገሪማ ነበሩ። በዚያው ሰሞን የታደሰው “ሳንኮፋ” ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በኔትፍሊክስ በየቤቱ ገባ። አከፋፋይ ያጣው ፊልም፣ ያን ጊዜ በሩን የዘጋበት ኢንዱስትሪ በራሱ ቤተ መዘክር አከበረው።

ታኮራዲ ላይ አውቶቡሱ በሰዓቱ ይመለሳል፤ መርከቡም ይሄዳል። ከሎስ አንጀለስ ተነሥተው በዚያ ጉብኝት ላይ ከሚሰለፉት መካከል አንዳንዶቹ ኢትዮጵያውያን ይሆናሉ፤ ጎናቸው የቆመችው ጥቁር አሜሪካዊት በሩ ጋ ስትደርስ ስታለቅስ ምን እንደሚሏት ይቸገሩ ይሆናል። ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም ብሎ መንገር ለእሷ ማጽናኛ አይሆናትም። ምጽዋ ወደብ ላይ ነፃ ስለ ወጣው ልጅ ቢነግሯት ግን፣ እሷም የምትነግራቸው ይኖራታል።